እልል በሉና ልመን

የሚያበላኝ አፍንጫዬ ነበር። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አዳማ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከአርሲ ነገሌ የመጣውንና ከቡልቡላ የመጣውን ዐይኔን ጨፍኜ በማሽተት ብቻ እለያለሁ። ለጋውን ከበሳሉ ለመለየት ጣታቸውን የሚነክሩ ነጋዴዎችን በልቤ እንቃቸው ነበር። ሙዝ ደባልቆ ሊሸጥልኝ የሚመጣ ሰው እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ትዕቢተኛ ነበርኩ፣ አልክድም።

ታዲያ በዚያ በኮሮናው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ እትዬ በላይነሽ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ የሸጥኩላቸውን ቅቤ እንደተጠቀለለ አምጥተው ፊቴ ዱብ አደረጉት።

«ሰናይት፣ ለልጅ ልጄ ራስ የምቀባው ለጋ ስጪኝ አልኩሽ እንጂ ቤቴን የሚያገማ ስጪኝ አልኩሽ?»

«እትዬ፣ እኔ ተሳስቼ አላውቅም። ይሄ ለጋ ነው» ብዬ አፍንጫዬን ወደ ቅቤው አስጠጋሁ። ምንም። ንጹሕ ውሃ እንዳሸተትኩ ያህል። በሳሉን አነሳሁ፤ ምንም። የጎረቤቴን ኮረሪማ አፈስ አድርጌ አሸተትኩ፤ እሱም ምንም። ቀና ስል እትዬ በላይነሽ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለዋል። አገጫቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ማስክ ወደ አፍንጫቸው ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሆድሽ እዚህ ደርሶ...» አሉና የቀረውን ዋጡት።

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። አራት ቀን ሲያተኩሰኝና ሲያስለኝ ከርሞ ነበር፤ እኔ ግን ጉንፋን ነው ብዬ ድርቅ። ዳማከሴ ጠጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት አኘክሁ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠንኩ። ጉድ የሚያሰኘው እሱ ነው፦ ቅጠሉ አልሸተተኝም፤ እኔ ግን ቅጠሉ ያረጀ መስሎኝ ባለቤቴን «ትኩስ አምጣልኝ፣ ይሄ ሞቷል» ብዬ ሁለት ጊዜ አመላለስኩት። የሞተው የኔ አፍንጫ መሆኑን ማን ያስበዋል? ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኮሮና የሚለው ቃል ከኔ ስም ጋር ከተነሳ መደብሬ ደጃፍ ማንም ድርሽ አይልም ብዬ ፈርቼ ነበር። ለዚያ ፍርሃት አራት ቀን ከፈልኩ።

ባለቤቴ ገመቹ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ በአይሱዙ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደኝና ተመረመርኩ። በማግሥቱ ውጤቱን ሲነግሩን አምቡላንሱ በራችን ላይ ቆሟል። እሱ አብሮኝ የኖረ ስለሆነ ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። ብቻዬን ሄድኩ። አምቡላንሱ ውስጥ ስገባ ከግቢው በር ላይ ቆሞ፣ «አይዞሽ፣ ሰናዬ! እናቴን ከቡልቡላ ጠርቻታለሁ!» ብሎ ጮኸልኝ።

እናቱን ላስተዋውቃችሁ። አደ ጫልቱ ይባላሉ። «አደ» በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቡልቡላ መንገድ ዳር እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ በዓይናቸው ያላዩትን ጆንያ የማይገዙ ሴት ናቸው። በተጋባን ሰሞን የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው «ጥሩ ነው» ያሉኝ ሦስት ጊዜ ከቀመሱ በኋላ ነው። አንፋቀርም ነበር ማለት ይከብደኛል፤ እንከባበር ነበር ልበል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሰው ፊት የለም። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ጽዳቱም ከእግር እስከ ራስ ነጭ ላስቲክ ለብሰዋል፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፣ እሱም ከመነጽር ጀርባ። ማን ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ደረታቸው ላይ በእስክሪፕቶ ስማቸውን ይጽፋሉ። እኔን የምትከታተለኝ ነርስ ደረቷ ላይ «መኪያ» ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ አበባ ሥላበታለች። አነጋገሯ የወሎ ነው፣ ረጋ ያለ።

ሐኪሙ አልደበቀኝም። «ይሄ በሽታ ነፍሰ ጡር ላይ ሊጠና ይችላል» አለኝ። «ሆድሽ ወደላይ እየገፋ ነው፣ ሳንባሽ ደግሞ ታሟል። ልጁም ካለጊዜው ሊመጣ ይችላል። ኦክስጅን እንሰጥሻለን፣ እንከታተላለን።»

«ልጄንስ ያዘው?»

«አብዛኞቹ ሕፃናት አይያዙም፤ የተያዙትም ብዙዎቹ ይድናሉ። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ የአንቺ ትንፋሽ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ትንፋሼ አጠረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። ጠዋት ላይ ሐኪሙ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ልጁን ዛሬ በኦፕራሲዮን እናውጣው፤ ለሁለታችሁም የሚሻለው እሱ ነው» አለኝ። ሙሉ በሙሉ እንደሚያስተኙኝም ነገረኝ። የማስታውሰው መጨረሻ ነገር መኪያ በድርብ ጓንት እጄን ይዛ «ቢስሚላህ» ስትል፣ እኔ ደግሞ «እመቤቴ» ስል ነው።

ስነቃ ከሰዓት ነበር። መጋረጃው ላይ የአዳማ ፀሐይ ቆሟል። አፌና አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ጭምብል፣ ሆዴ ላይ ፋሻ። ሆዴ የለም። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ወደ ግራ ዞርኩ፤ አልጋው አጠገብ ምንም የለም።

«ልጄስ?»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሴት ልጅ ወልደሻል» አለች መኪያ። «ትንሽ ቸኩላ ስለመጣች ማሞቂያ ያስፈልጋታል፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ናት። ደህና ናት።»

ደህና ናት።

እዚህ ላይ ልቁምና ስለዚህች ቃል ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ በኋላ የሆነው ነገር እብደት ይመስላችኋል። ያደግኩት አዳሚ ቱሉ ነው። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ነበር። አዳማ ኮሌጅ ስማር በየእሑዱ እደውላለሁ። አንድ ጊዜ አክስቴ አነሳችና «አባትሽ ደህና ነው፣ እርሻ ወጥቷል» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድ «ደህና ነው፣ ተኝቷል።» በሦስተኛው «ደህና ነው፣ ድምፁ ተዘግቶ ነው እንጂ ያናግርሽ ነበር።» ፈተናዬን በጨረስኩ ማግሥት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች የተከራየሁበት ቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አባቴ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። «እንዳትጎጂ ብለን ነው» አሉኝ። የኛ ሰው ለታመመ፣ ለተፈታኝ፣ ለአራስ መርዶ አይነግርም። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ደህና ነው» የሚል ቃል ስሰማ ዓይኔ የተናጋሪውን ፊት ይመረምራል።

አሁን ደግሞ የሚመረመር ፊት የለም! ላስቲክና መነጽር ብቻ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ወላሂ ደህና ናት።»

«ላያት።»

«አሁን አይቻልም፣ ኦክስጅን ላይ ነሽ፤ እሷም ማሞቂያ ላይ ናት። ቆይ ፎቶ አስልክልሻለሁ።»

ፎቶው መጣ። በፎጣ የተጠቀለለች ቀይ፣ ጨምዳዳ፣ ኮፍያ ያጠለቀች ፍጥረት። በዚያ ክፍል ስንት ሕፃን አለ? የማንም ልጅ ልትሆን ትችላለች። ገመቹ ጋ ደወልኩ።

«ልጃችን እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ።

«አይተሃታል?»

«እንዴት አያታለሁ? ቤት ተዘግቶብኝ! ደህና ናት ብለውኛል። እናቴም ሆስፒታሉ በር ላይ ናት።»

እሱም እንደኔ ተነግሮት ነው። እነሱስ እሱን እንዳይጎዳ ብለው ቢሆንስ? የስምንት ወር ልጅ አይበረክትም የሚለው የአሮጊቶች ወሬ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የሰባት ወር ይኖራል፣ የስምንት ወር ግን ... እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ስንቴ ሰምቻለሁ። ደግሞ ከሁሉም የባሰው ዝምታው ነው። የኔ ክፍል መስኮት ወደ አጥሩ ነው፤ የሻይ ሻጯ ድምፅ ሳይቀር ይገባል። ሴት ልጅ ተወልዳ፣ አማቴ በር ላይ ቆመው፣ አንድም እልልታ አልተሰማም። እኛ ሰፈር ሦስት እልልታ ካልተሰማ ሴት ልጅ ተወልዳለች አይባልም። እልልታ የሌለበት ወሊድ ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ማልቀስ ጀመርኩ። ስቅ ስል ቁስሌ ያመኛል፣ ትንፋሼም ያጥረኛል፤ ጣቴ ላይ የሰኩት መለኪያ ይንጫጫል። መኪያ እየሮጠች መጣች። «ሰናይት፣ እንዲህ ከሆንሽ ኦክስጅንሽ ይወርዳል። በሽታው ሳይሆን ሐሳቡ ሊገድልሽ ነው እኮ» አለች። እውነቷን ነበር። ልጄ ከሌለች መተንፈስ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ግን አልገባኝም። ይህን ያልኩት በልቤ ነው።

ያን ጊዜ ነው አደ ጫልቱ ጋ የደወልኩት።

«የት ነዎት?»

«እዚሁ በር ላይ ነኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንዲያ ብለውኝ አያውቁም ነበርና ይበልጥ ፈራሁ። «የሰፈርሽ ሴቶችም አብረውኝ ናቸው። ገንፎውን ዘበኛው አላስገባም አለን። ልጅቷ ደህና ናት።»

«አደ፣ ለምን እልል አላሉም?»

«አንቺ በጭንቅ ትንፋሽ እየሳብሽ እኔ እንዴት እልል እላለሁ? ነውር ነው። አንቺ ስትነሺ ነው እንጂ» አሉ።

«አላመንኩዎትም።»

«ምን?»

«አላመንኩዎትም፣ አደ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ በሞተ ልጅ ላይ እልል የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ይሄን አውቃለሁ። ልጄ ካለች እልል ይበሉልኝ። ከሌለች ዝም ይበሉ፤ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም። እርስዎ ራስዎ አይተዋታል?»

«ነርሷ ነገረችኝ።»

«እኔንም ነርሷ ነግራኛለች።»

የባጃጅ ጡሩምባ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ከዚያ አንዲት ቃል ተናገሩ። «ጠብቂ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። እልልታ ማለት እኮ አፍ መክፈት ብቻ ነው፤ ልጅቷ ካለች ይሄን ያህል ምን ያስጠብቃል? በሠላሳኛው ደቂቃ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ዝም አሉ፤ ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስም አውጥቼላት እንዳልነበር ትዝ አለኝና እሱ ይበልጥ ቆጠቆጠኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የዘበኛ ፊሽካ ነው። ቀጥሎ «እማማ! እማማ፣ በዚህ በኩል አይቻልም አልኩ እኮ!» የሚል ጩኸት።

ከዚያም መጣ። ከአጥሩ በኩል ሳይሆን ከግቢው ውስጥ፣ ቅርብ፣ ሻካራ፣ ያረጀ፣ ቡልቡላ ገበያ ላይ አርባ ዓመት ሲጠራ የኖረ ድምፅ፦

እልልልልልልል!

አንድ። ትንፋሼን ያዝኩ። እልልልልል! ሁለት። አሁን ከአጥሩ ውጭ ያሉት የሰፈሬ ሴቶች ተቀበሏቸው። ሦስት። ለሴት ልጅ ደንቡ ሦስት ነው፤ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ። የት አባቱ! አራት። አምስት። ከላይኛው ፎቅ የማላውቃት ሴት ገባችበት። ሰባት። ያ ለወንድ ነው፤ እሱንም አለፉት። ሻይ ሻጯም ጨመረች መሰለኝ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ መቁጠር ተውኩት፤ ምክንያቱም ከጭምብሉ ሥር እኔም በተሰነጠቀ ድምፄ እልል እያልኩ ነበር። ትንፋሽ የሌላት ሴት እልል ስትል እንዴት እንደሚያስቅ ብታዩኝ! መኪያ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትስቃለች፤ መነጽሯ ከውስጥ በእንባ ጉም ለብሷል፣ መጥረግ ግን አትችልም።

«መለኪያውን እዪው» አለችኝ። ቁጥሩ ወጥቶ ነበር። በደስታ ነው አልልም፤ ሐኪሙ በኋላ «ማልቀስ ስላቆምሽ ነው» ብሎኛል። እኔ ግን ልዩነቱ አይታየኝም።

ያን ሁሉ ደቂቃ የት እንደጠፉ የነገረችኝ መኪያ ናት፤ የሕፃናት ክፍሏ ጓደኛዋ ነግራት። አደ ጫልቱ ስልኩን እንደዘጉ ዘበኛው ሳያይ ሾልከው ገብተዋል። ሕንፃውን ዞረው፣ በየመስኮቱ እያዩ፣ የጨቅላ ሕፃናቱን ክፍል አገኙት። መስታወቱን አንኳኩ።

«የሰናይትን ልጅ አሳዩኝ።»

ነርሷ ሕፃኗን ከማሞቂያው ሳታወጣ በጣቷ አሳየቻቸው። «ይቺ ናት፣ ደህና ናት።»

«ወደዚህ አምጪያት።»

«እማማ፣ ብርድ ይመታታል።»

«ለአንድ አፍታ። ጆሮዋን ልመልከት።»

ገመቹ ከግራ ጆሮው በላይ የመርፌ ዓይን የምታክል፣ አብራው የተወለደች ቀዳዳ አለችው፤ አባቱም ነበረቻቸው። ነርሷ ቢጨንቃት ልጅቷን እንደተጠቀለለች አምጥታ፣ ኮፍያዋን ከፍ አድርጋ ጆሮዋን ወደ መስታወቱ አዞረችላቸው። አደ ጫልቱ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ፈለጉ። አገኟት! «ይቺ የኛ ናት» አሉ። ቢሆንም አልጨረሱም። «ትንቀሳቀስ» አሉ። ነርሷ እግሯን ቆንጠጥ ብታደርጋት ልጅቷ አፏን ከፍታ ጮኸች፤ ድምፁ መስታወቱን አልፎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው አማቴ እዚያው መስኮቱ ሥር ነጠላቸውን አጥብቀው፣ ወደኔ ክፍል ዞረው የለቀቁት።

ከሦስት ቀን በኋላ ኦክስጅኑ ተነሳልኝ። በአራተኛው ቀን መኪያ አንድ ጥቅል ይዛ ገባች። እጄን እስከ ክርኔ አሳጠበችኝ፣ አዲስ ማስክ አሰረችልኝ።

«አልይዛትም» አልኳት። «ባስይዛትስ?»

«ማስኩን አታውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ አጥቢያት። ጡትሽ መድኃኒቷ ነው። ልብስሽን ክፈቺ፣ ገላሽ ላይ ነው የምትተኛው።»

ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት። ቅቤ በእጄ የምመዝን ሴት ነኝ፤ «ሁለት ኪሎ አትሞላም» አልኩ። መኪያ ካርዱን አየች። «አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ» አለች። እናቶች ሁሉ የሚያወሩለትን የሕፃን ጠረን አላገኘሁትም፤ አፍንጫዬ እስኪድን ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። አልቆጨኝም። ሙቀቷ አለ፣ እንደ ጫጩት የሚርገበገብ ልቧ አለ። ጡቴን ፈልጋ ስታገኘው ሌላ ምንም ነገር አልፈልግም ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገሬ ተለውጧል። ነፍሰ ጡር ሆና ትኩሳት ይዟት «ጉንፋን ነው» የምትል ሴት ካየሁ ገበያ መሐል ሳይቀር እጣላታለሁ፤ አራት ቀን በቅጠል ማባከኔን እነግራታለሁ። አክስቴንና ሽማግሌዎቹን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ነገር ግን የነሱን መንገድ ትቻለሁ። የታመመ ሰው ጠይቄ ስመለስ «ደህና ነው» አልልም። «አይቼው መጣሁ፤ ሾርባውን ጨርሷል፤ ልጁንም ተሳድቧል» እላለሁ። ሰው ከተሳደበ ለመኖር አስቧል። ክፉ ነገር ካለም በቀስታ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እውነቱን እነግረዋለሁ። እናንተም ስለምትወዱት ሰው ስትጠየቁ ያያችሁትን ተናገሩ። ባዶ «ደህና ነው» ለጠያቂው አይደርስም፤ ጭራሽ ያስጨንቃል።

አደ ጫልቱና እኔስ? እሱ ሌላ ታሪክ ነው። «ለሴት ሦስት አይደለም ወይ ደንቡ?» ብዬ ስተርባቸው፣ «ደንቡን ያወጣው ሰው በኮሮና ጊዜ አልወለደም» ይሉኛል። ስሟን ቦንቱ ያሏትም እሳቸው ናቸው።

ቦንቱ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አፏ አይጣል ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን እየሠራሁላት የተወለደችበትን ቀን አጫውቺኝ አለችኝ። ሐኪሙ እንዳያት፣ ነርሶቹ እንዳዩዋት፣ አያቷ በመስታወት እንዳዩዋት፣ አባቷ በፎቶ እንዳያት አጫወትኳት። «እኔ ከሁሉም መጨረሻ ነኝ ያየሁሽ» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና ወደኔ ዞረች።

«ለዚህ ነዋ ሁልጊዜ የምታዪኝ» አለችኝ።